ተቀበሉኝ ማለት ያቃተው ሰው

ከሚሸሹት ሰው ጋር በአንድ ባጃጅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ከመቀመጥ የከፋ ቅጣት ያለ አይመስለኝም። ይህን ቅጣት የቀመስሁት መስከረም ዐሥራ አራት ቀን፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ዘገም ብሎ ለሚሄድ ሰው ዐሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ምክትል ርእሰ መምህር ከሆንሁ ወዲህ በእግሬ ሄጄው አላውቅም ነበር። በእኛ ከተማ ሆዱ የወጣ ሰው "አማረብህ" ይባላል፤ በእግሩ የሚሄድ ሹም ደግሞ "ምነው፣ ምን ገጠመው?" ይባላል። እኔም እንዲህ እንዳልባል ስል አራት ዓመት ሙሉ በባጃጅ ተመላለስሁ።

ባጃጁ ገበያው ማዕዘን ላይ ቆመና ሕፃን የታቀፈች ሴት ገባች። ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ነበር።

"አያ ይሄይስ!" አለች።

ድምፅዋን አወቅሁት። የታናሽ ወንድሜ የአድማሴ ሚስት ሠርክአዲስ ናት። የታቀፈቻት ሕፃን ከተወለደች ሁለት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷታል፤ እኔ አጎቷ ግን እስከዚያች ሰዓት ዓይኗን አላየሁም።

ለምን እንደሸሸኋቸው እዚሁ ልናገር፤ መደበቁ እስካሁን ያደረሰብኝ ይበቃል። ሐምሌ ሃያ አራት ቀን ወደ ትውልድ መንደሬ ሄጄ ነበር። መንደሩ ወደ ገበዝ ማርያም ከሚወስደው የጠጠር መንገድ የአንድ ሰዓት ተኩል ዳገት ይርቃል። በዚያው ቀን ሠርክአዲስን ምጥ ያዛት፤ ምጡም ጠናባት። አምቡላንሱ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በክረምት ግን ያን ጭቃና ቁልቁለት ከሰው ትከሻ በቀር የሚደፍረው የለም። ቃሬዛ ተዘጋጀ። በአገራችን ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ወንድ ሁሉ ትከሻውን ይሰጣል። የደከመው "ተቀበሉኝ!" ይላል፤ ሌላው ፈጥኖ ከሥሩ ይገባለታል፤ ማንም ማንንም አይታዘብም። ሃያ እርምጃ ብቻ ሄዶ ተቀበሉኝ ያለ ብርቱ ገበሬ አይቻለሁ።

እኔም የፊቱን ቀኝ ያዝሁ። ከኋላዬ በዚያው በኩል የያዘው ገብረሰንበት የሚባል ጎረቤታችን ነበር፤ ሰባት ልጅ የሚያሳድግ ዝምተኛ ገበሬ ነው። መቶ እርምጃ ሳንሄድ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ጀመር። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ተቀበሉኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ከዚያ መንደር ወጥቶ ዲግሪ የያዘ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝና፣ በእነዚያ ሁሉ ገበሬዎች ፊት አፌን ከፍቼ ተቀበሉኝ ማለት ሞት ሆነብኝ። ጥርሴን ነክሼ ሄድሁ። ከዚያ ጉልበቴ ታጠፈ፤ ቃሬዛው አዘነበለ፤ ሠርክአዲስ በምጧ ላይ በጎኗ ጭቃው ውስጥ ወደቀች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። ከመጣሌ የባሰው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያደረግሁት ነው። ሰው ሁሉ "ማነው የጣላት? ማነው?" እያለ ሲጮህ፣ "ገብረሰንበት አዳልጦት ከኋላ ገፋኝ" አልሁ። ገብረሰንበት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሰውም አመነኝ። የተማረ ሰው፣ ያውም የልጅ አስተማሪ፣ ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

እንግዲህ ከሠርክአዲስ ጋር ትከሻ ለትከሻ የተቀመጥሁት ይህን በሆዴ ይዤ ነው።

"እንዴት ሰነበቱ፣ አያ ይሄይስ? ሜላት ደኅና ናት? ልጆቹስ?"

"ሁላችንም ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት ነሽ? ምነው ወደ ከተማ?"

"ሐኪሞቹ ለምርመራ ተመለሽ ብለውኝ ነው። ጨርሼ ወደ መናኸሪያው ልሄድ ነበር። አንቱስ ወዴት ይሄዳሉ?"

"ወደ ቤቴ።"

አንገቷን ወጣ አድርጋ መንገዱን አየችው። "ቤትዎ ያ ማዶ ያለው አይደለም እንዴ? ምነው፣ እግርዎን አመመዎት?"

የባጃጁ ሾፌር ሳቁን በሳል ሸፈነው። የእኔ ጆሮ ጋለ። ከቤቴ በር ስንደርስ ወግ ነውና "ግቢ እንጂ፣ ምሳ ቀምሰሽ ሂጅ" አልኋት። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን "እሽ፣ ሜላትንም ልያት" ብላ ከእኔ ቀድማ ወረደች።

ባለቤቴ ሜላት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ ያብጣል። በምሳ ሰዓት እየተጣደፈች መጥታ፣ ትናንት ማታ ያዘጋጀችውን አሙቃ፣ ቆማ ጎርሳ ትመለሳለች። ትልቋ ልጄ ትሕትና ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያን ቀንም ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ታያለች። ታናሿ መኝታ ቤት ውስጥ ሌላ ስልክ ይዛለች። እኔ ሳህኔን ይዤ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ። እንዲህ ነው እንግዲህ የአንድ መምህር ቤት በምሳ ሰዓት።

ሜላት ሠርክአዲስን ስታይ አቅፋ ሳመቻት፤ ትሕትናን ለስላሳ እንድታመጣ አዘዘቻት። በቤታችን ለስላሳ በሣጥን ነው የሚገባ፤ ለእንግዳ ክብር እንላለን፣ ሣጥኑን የምንጨርሰው ግን እኛው ነን።

"እኔን ውሃ ስጭኝ፣ ልጄ" አለች ሠርክአዲስ። "አደግሽልኝ! ለክርስትናዋ ትመጫለሽ አይደል?"

"እ… መኪናው እስከ ቤታችሁ ይደርሳል?"

"ተጠጠሩ በላይማ በእግር ነው።"

"እንዲያ ከሆነ አልችልም" አለች ልጄ። ምንም ሳታፍር፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ ነው ያለችው። በእርሷ ዕድሜ አድማሴና እኔ ያን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ እየወጣን ነው የተማርነው። አፈርሁ፤ ግን በማን እንደማፍር ገና አልገባኝም ነበር።

ምሳው ቀርቦ ጥቂት ከበላን በኋላ ሠርክአዲስ ሳህኑን ገፋ አደረገች። "እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥሁት፤ አንቱ የተማሩ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይቆጡኝ።"

"ጠይቂ፣ ምን እቆጣለሁ።"

"ክርስትናዋ ጥቅምት ዘጠኝ ነው። አድማሴ አምስት ጊዜ ደወለልዎ፤ አላነሡም። ለምንድን ነው?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ሠርኬ። ምዝገባው፣ የትምህርት መክፈቻው፣ ስብሰባው! ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ቡሬ ተጠርቻለሁ። የከተማ ኑሮ ከውጭ ሲያዩት ዕረፍት ይመስላል እንጂ ለመተንፈስም ጊዜ የለው።"

"ሥራማ መቼ አልቆ ያውቃል? እኛም አጨዳው ሲያልቅ ውቂያ ነው። እኔ ያሰጋኝ ሌላ ነው። ሲቀመጡም ሲነሡም ያለከልካሉ። ፊትዎም ጠቁሯል።"

ሜላት ጣልቃ ገባች። "ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል ከተባለ ዓመት አለፈው። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። መድኃኒት የምሸጥ እኔ፣ ባሌ ለምርመራ ተመለስ ተብሎ ሳይመለስ ዝም ብዬ አያለሁ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለች ሠርክአዲስ ቀስ ብላ።

ሁለት ሴቶች በአንድ ሲነሡብኝ ጊዜ የመምህርነት ወኔዬ መጣ። የክፍል ድምፄን አውጥቼ ማስረዳት ጀመርሁ። "አየሽ፣ የቢሮ ሰውና ገበሬ አንድ አይደሉም። ለእናንተ ሥራችሁ ራሱ ስፖርት ነው። እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥቼ ማታ አንድ ሰዓት እገባለሁ። ሰውነት እንቅስቃሴ እንደሚፈልግ አጥቼው አይደለም፤ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ልብና ስለ ጡንቻ ዐሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ጊዜውን ከየት ላምጣው?"

"ይፍቀዱልኝና፣ ዛሬ ባጃጁን ስንት ደቂቃ ቆመው ጠበቁ?"

"እ… በምሳ ሰዓት ይጠፋሉ። ሩብ ሰዓት ያህል።"

"በእግርዎ ቢሆን በስንት ይደርሱ ነበር?"

ሜላት ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቶ ነበርና ሳቋ ራሱ አስደነገጠኝ። ተናደድሁ። "ሰው ምን ይላል? ይህን አታውቂም አንቺ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ፀሐይ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ሲሄድ ተማሪው ምን ይላል?" አልሁ።

ሠርክአዲስ ሕፃኗን አነሣችና ለትሕትና ሰጠቻት። "ልጄ፣ እስኪ ይችን ይዘሽ ወደ ጓሮ ውጭ። ታናሽሽንም ጥሪያት። ፀሐይ ይንካችሁ።" ልጆቹ ወጡ። የጎጃም ሰው ነገሩን ዙሮ ነው የሚያመጣው፤ እኔም ወዴት እንደምትዞር ገባኝ።

"አያ ይሄይስ፣ ያን ቀን እግሬን ወደፊት አድርገው ነበር ያስተኙኝ" አለች። "የማየው የአንቱን ጀርባ ነበር። ምጡ ፋታ ሲሰጠኝ ሌላ የማየው አልነበረኝ። መጀመሪያ አንገትዎ ላቡን አፈሰሰ። ቀጥሎ ትከሻዎ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሁን ተቀበሉኝ ይላሉ፣ አሁን ይላሉ እያልሁ እጠብቅ ነበር። ጉልበትዎ ሲታጠፍም አይቻለሁ። ገብረሰንበት አላዳለጠውም።"

ሜላት እጇን ከገበታው አነሣች። ለእርሷም የነገርኋት ያንኑ ውሸት ነበር።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላውቀውም። ምጥ ላይ የነበረች ሴት ጭቃ ውስጥ ጥያት ሳለ፣ ሁለት ወር ሙሉ የወንድሟን ያህል ገመናዬን ሸፍና መኖሯ ከስድብ ሁሉ በላይ ተሰማኝ።

"ለአድማሴ ነግረሽዋል?" አልሁ በመጨረሻ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይቅርታ አልነበረም።

"አልነገርሁትም። ወንድሙ ነዎት፤ በእኔ አፍ እንዲሰማው አልወደድሁም። ጣሉኝ ብየ አልተቀየምሁም። ሰው ይደክማል። አቅም ያጣን ሰው ማን ይፈርድበታል? ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ተቀበሉኝ ማለት ምን ያህል ከብዶዎት ነው እኔን መጣል የቀለለዎት?"

ማልቀስ ጀመርሁ፤ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው፣ ምሳ ገበታ ላይ።

"ገብረሰንበትስ?" አለች ሜላት። ወደ እኔ አላየችም።

"በነሐሴ አንድ አዛውንት ታመው በቃሬዛ ሲያልፉ ገብረሰንበት እንደ ወጉ ትከሻውን ሊሰጥ ቀረበ። ጎረምሶቹ 'አንተ ቆይ፣ ትጥላቸዋለህ' አሉት። ተዚያ ወዲያ ቃሬዛ ሲመጣ ቤቱ ይገባል። ልጆቹን ደግሞ ትምህርት ቤት 'የጣይ ልጆች' ይሏቸዋል" አለች ሠርክአዲስ።

ትምህርት ቤት የሚለውን ቃል ስሰማ እንደ መምህር አፈርሁ። እንደ አባትም አፈርሁ። የሚገርመው ግን፣ ሰው ሲያፍር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሚመታው ይፈልጋል። እኔም ሠርክአዲስን መታሁ።

"አንቺስ? ስለ ጤና የምትመክሪኝ አንቺ፣ እስከ ምጥሽ ቀን ጀሪካን ተሸክመሽ ዳገት አልወጣሽም? ሐኪሞቹ ዛሬ ምን አሉሽ?"

ራሷን ዝቅ አደረገች። "ደም አንሶሻል አሉኝ።"

"እንቁላሉን ለገበያ ታወጭዋለሽ፤ ጎመኑን ለሰው ታበያለሽ፤ አንቺ የተረፈውን። ይኼ ጤና ነው? ሥራ ብቻውን ጤና አይሆንም። ያለ ዕረፍትና ያለ በቂ ምግብ የሚሠራ ሰውነት እንደ እኔው ይወድቃል፤ ልዩነቱ የአንቺን የሚያየው የለም።"

ክፉ አድርጌ ነው የተናገርሁት፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር፤ እርሷም አልካደችም። "እውነትዎን ነው" አለች። "አድማሴ ክፉ ሆኖ አይደለም። ውሃው ከብዶኛል ብየ ብነግረው ያመጣልኝ ነበር። ሰነፍ ናት እንዳልባል ብየ ነው ያልነገርሁት። እኔም ተቀበለኝ አላልሁም ማለት ነው።"

"እኔስ ማንን ልበል?" ብላ ሜላት ድንገት ጮኸች። "ስምንት ሰዓት ቆሜ እውላለሁ። እገባለሁ፤ እንደገና ወጥ፣ ልብስ፣ ሳህን። አባትና ልጆች ሦስታችሁም ሶፋው ላይ ናችሁ። ንዴቴን በሆዴ ይዤ እተኛለሁ። ለራሴ የግፊት ክኒን የምጀምርበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው!"

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ ብጽፍ ጋዜጣ አይበቃውም። አንድ ነገር ግን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ጊዜ የለኝም የምለው ጊዜ አጥቼ አይደለም። ጊዜዬን የበላው ክብሬን መጠበቅ ነበር። ላለመታየት ባጃጅ እጠብቃለሁ፤ ላለመናቅ በሥራ ላይ ሥራ እደርባለሁ፤ ደከመኝ ላለማለት ከቤተሰቤ እሸሻለሁ። እንዲህ ያለ አእምሮ ይዞ ሩጫ ቢሮጥም ጤና አይገኝም። አእምሮው ተፈውሶ እግሩ ቁጭ ቢልም እንዲሁ ነው።

"ምን ላድርግ?" አልኋት። የክፍል ድምፄ ጠፍቶ ነበር።

"ሦስት ሳምንት ተኩል አለዎት። ተነገ ጀምረው በእግርዎ ይሂዱ። ሜላትና ልጆቹም ይልመዱ። ለክርስትናዋ አራታችሁም ያን ዳገት ወጥታችሁ ኑ።" ነጠላዋን አጣፋች። "ተደረሱ በኋላ የሚናገሩትን አንቱ ያውቁታል። እኔ አላዝዎም።"

በማግሥቱ በእግሬ ስወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በመስኮት የሚያየኝ መሰለኝ። ባለሱቁ ሃይለ ሚካኤል ገና ሳያየኝ ላብ አሰመጠኝ። "ምነው መምህር፣ ባጃጅ ጠፋ እንዴ?" አለ። "አልጠፋም፤ እግሬ ነው ጠፍቶ የከረመው" አልሁት። ሳቀ፤ አለፈ። አራት ዓመት የፈራሁት የሰው ወሬ ይኸው ነበር፤ በአንድ ሳቅ አለቀ።

ማታ ማታ አራታችን ተያይዘን ከከተማው ዳር እስከ በርበሬ ማሳዎቹ መሄድ ጀመርን። የመጀመሪያ ቀን ትሕትና አኩርፋ ሃያ እርምጃ ወደኋላ ቀረች። እኔም ብሆን ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥሁ። ሜላት "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለች ቀለደችብን። በሁለተኛው ሳምንት ትሕትና ከፊት ሆነች፤ በክፍሏ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ሒሳብ ለምን እንደከበዳት እየዞረች ታወራልኝ ጀመር። የገዛ ልጄን ድምፅ ያን ያህል ርዝመት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አሁን ይህን ስጽፍ ሚያዝያ ገብቷል። ከጥቅምት ወዲህ ያተረፍነውን ብዘረዝር ትምክሕት አይሁንብኝ፤ ሌላው ሥራ የበዛበት ቤተሰብ እንዲሞክረው ብዬ ነው። ሠርክአዲስ ከእኛ ዘንድ በሄደች ማግሥት ሐኪም ዘንድ ሄጄ መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ ሜላት በየሳምንቱ ትለካኛለች፤ ግፊቴ ወርዷል፤ ሐኪሙም መንገዱን እንዳላቋርጥ አዞኛል። እንቅልፌ ተመልሷል። የሜላት እግር እንደ በፊቱ አያብጥም፤ ምክንያቱ እግር መንገዱ ብቻ አይደለም፤ ሳህን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ሽንኩርት የሚከትፉት ልጆቹ ናቸው። በምግብ ሰዓት አራቱ ስልኮች ቁም ሣጥን ላይ ይወጣሉ። ለስላሳው ለበዓል ብቻ ሆኗል። አድማሴም ውሃውን በአህያ ያመጣል፤ ሠርክአዲስ ከእንቁላሉ ድርሻዋን ትበላለች፤ ደሟም ተስተካክሏል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገን ትልቅ ነገር አልነበረም፤ በቀን ግማሽ ሰዓት እግር፣ ሥራ መከፋፈል፣ ደከመኝ ሲሉ አለማፈር። እኛን የከለከለን ድህነት ወይም አለማወቅ አይደለም። ሃፍረትን ያለ ቦታው ማስቀመጣችን ነው፤ ከማያሳፍረው እያፈርን በሚያሳፍረው እንኖር ነበር።

ክርስትናውን ለመጨረሻ ያስቀመጥሁት ሲጽፉትም ፊት ስለሚያግል ነው።

ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ዳገቱን አራት ጊዜ አርፌ ወጣሁት። ትሕትና አንድ ጊዜ ብቻ አረፈች። ሕፃኗ ክርስትና ተነሥታ፣ እህተ ማርያም ተብላ፣ ሰው ሁሉ በአድማሴ ቤት ተሰበሰበ። ጠላው ተቀዳ፤ የነፍስ አባታቸው መርቀው ተቀመጡ። ገብረሰንበት በሩ ሥር፣ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ዛሬ ካልሆነ መቼም እንደማልናገረው አወቅሁና ተነሣሁ።

"አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ" አልሁ። ምርቃት ነው ብለው ዝም አሉ። "ሐምሌ ሃያ አራት ቀን ሠርክአዲስን የጣልኋት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ተቀበሉኝ ማለት አፈርሁ። ጉልበቴ ታጠፈና ጣልኋት። ገብረሰንበት አላዳለጠውም፤ አልገፋኝም። በእርሱ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

አድማሴ የያዘውን ዋንጫ መሬት ላይ አስቀመጠና ወንድሙ መሆኔን የሚጠራጠር ይመስል አየኝ። የዚያን ዕለት አላናገረኝም፤ በማግሥቱም አላናገረኝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል" አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላወቅሁም።

ወደ ገብረሰንበት ሄጄ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። ይቅር ይለኛል፣ ያነሣኛል፣ ሰውም እልል ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ገብረሰንበት ግን መሬት መሬቱን እያየ እንዲህ አለ፦

"እውነቱን ስለተናገሩ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልጆቼ ውጭ ናቸው፤ አልሰሙም። ልጥራቸውና አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።"

ወጥቶ ጠራቸው። ሰባቱም ገብተው በግድግዳው በኩል ተደርድረው ቆሙ። የእኔዋ ትሕትና ከእነርሱ ጋር ስትጫወት ነበርና አብራ ገባች፤ ከመካከላቸው ቆማ አየችኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ዓይኔን ከልጆቹ ላይ እንዳልነቅል ራሴን አስገደድሁ።

"አባታችሁ ማንንም አልጣለም" አልኋቸው። "የጣልሁት እኔ ነኝ።"